ማጠፊያ ያለው ጉልበት

ዛሬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቢሮዬ ሆኜ ስለ ጉልበት ሳነብ ዋልኩ። እንደ በር በማጠፊያ የሚታጠፍ ሰው ሠራሽ ጉልበት ነው። የማመልከቻውን ዝርዝር መናገር አልችልም። የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻ መርማሪ ነኝና መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነው፦ ይሄ በእርግጥ አዲስ ነው?

ፍለጋው ሩቅ ወሰደኝ። በ1890 እ.ኤ.አ. ቀዶ ሐኪሙ ቴሚስቶክለስ ግሉክ በርሊን ውስጥ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ባለማጠፊያ ጉልበት ገጥሞ ነበር። ኢንፌክሽን አበላሸበት። በኋላ የመጡት የብረት ማጠፊያዎች ደግሞ ከአጥንት ይላቀቁ ነበር። ጉልበት ይታጠፋል ብቻ ሳይሆን ትንሽ ይዞራል። እነዚያ ግን መዞር ስለማይችሉ ጫናው አጥንቱ ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው የሚዞረው ማጠፊያ የመጣው።

እናቴ ጉልበቷን ይዛ ደረጃ ስትወጣ ታየችኝ። ከማመልከቻው አንዷን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ አነበብኳት። ነገም ከእሷው እጀምራለሁ።