«ኮምጣጤ ነው በለው»

እናቴ ሰው ቤት ባዶ እጇን አትገባም። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው። ከዚህና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ ጉራ።

እማዬ ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኔ ጋ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበረች። ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሮቸስተር ያለው የአክስቴ ልጅ ወንድ ልጅ ወለደና ለክርስትናው ተጠራን። እማዬ ጠጁን ልትጥል ቀድማ ሄደች። እኛን አራቱን ልጆች ያሳደገችው ጠጅ ሸጣ ነው። ለጌሾ ያላትን ክብር ለሐኪም የላትም።

ክርስትናው በሰላም አለፈ። የመጀመሪያው ጠጅ አለቀ። ዘግይታ የጣለችው ሁለተኛው ግን ገና ነበር። ብርዝ መሆኑ ቀርቷል፣ ጠጅ ደግሞ አልሆነም። ጎረምሳ በሉት። «መንገድ ላይም ቢሆን ይደርሳል» አለችና በሁለት ባለ ሁለት ሊትር የኮካ ፕላስቲክ አስቀዳችው።

«ክዳኑን አታጥብቀው። ይተንፍስ» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ግን መኪናዬ ገና ስድስት ወሯ ነው። ጠጅ ወንበሩ ላይ ሲንቆረቆር ታየኝ። እማዬ ዞር ስትልልኝ ሁለቱንም ክዳኖች መዳፌ እስኪቀላ ድረስ ጠመዘዝኳቸው።

ይኼን ያዙልኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። ሐምሌ ነው፣ የሐዋርያት ጾም ተፈቷል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የያዝነው 14 ቁጥር መንገድ የሰኔካ ሐይቅን ምዕራባዊ ዳር ተከትሎ ይወርዳል። አካባቢውን ፊንገር ሌክስ ይሉታል፣ የጣት ሐይቆች እንደማለት። በበረዶው ዘመን ግግር በረዶ እየቦረቦረ የተዋቸው አስራ አንድ ቀጫጭን ሐይቆች ናቸው። በግራ ሐይቁ፣ በቀኝ የወይን ተክል፣ በየሁለት ደቂቃው «ይቅመሱ» የሚል ሰሌዳ።

እዚህ ላይ ጉራዬ ተነሳ። ሥራ ቦታዬ የዓመት መጨረሻ ግብዣ ላይ ወይን አዋቂ መስዬ ለመታየት ሁለት ቪዲዮ አይቼ ነበር። ብርጭቆውን በእግሩ መያዝ፣ ማሽከርከር፣ ማሽተት፣ ከዚያ ቅንድብን ማንሳት። ቅንድቡን በተለይ ተለማምጄዋለሁ። እና እማዬን እንዲህ ያለ ቦታ ወስጄ ልጇ የት እንደደረሰ ላሳያት ፈለግሁ።

አንዲት ትንሽዬ ቦታ መርጬ ታጠፍኩ። አምስት ሄክታር ብትሆን ነው። የድሮ የከብት ጎተራ አለ፣ ፊት ለፊቱ የወይን ረድፍ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እማዬ ከመኪናው ወርዳ ቀጥታ ወደ ተክሉ ሄደች። በሐምሌ ፍሬው ገና የአተር እሸት ያህላል። አንዷን ቀጥፋ አፏ ውስጥ ጣለችና ፊቷን አጨማደደች።

«ከዚህ ነው የሚጠጣ የሚወጣው?»

«ገና አልበሰለም እኮ እማዬ።»

«ሲበስል ይጥሩን ታዲያ» አለችና ወደ መኪናው ተመልሳ አንዱን ፕላስቲክ አወጣች። በነጠላ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ ይኼ መሸጫ ነው፣ ሰው ቤት አይደለም።»

«ሰው አለበት?»

«አለ።»

«እንግዲያ ሰው ቤት ነው።»

ውስጥ ማንም የለም። የጎማ ቦቲ ያደረጉ፣ ሰባውን ያለፉ ሽማግሌ ብቻ። ቦታውን ከአርባ ዓመት በፊት ከባለቤታቸው ጋር ያቀኑት፣ ተክሉን የተከሉት፣ ወይኑን እስከ ዛሬ የሚጠምቁት እሳቸው ናቸው። እጃቸው እንደ አራሽ እጅ ሰንጥቋል። የመጡት እናቴ መሆናቸውን ስነግራቸው ወንበር ስበው አስቀመጧት። እማዬ በዚህ ብቻ ሃምሳ በመቶ ፈተናውን አሳልፋቸው ነበር። ቀሪውን ሃምሳ ያጡት ሲቀዱ ነው። የብርጭቆው ቂጥ እንኳ አልተሸፈነም።

እማዬ ብርጭቆውን አየች። እኔን አየች።

«የዓይን ጠብታ ነው?»

«ምን አሉ?» አሉ ሽማግሌው።

«የብርጭቆውን ቅርጽ ወደደችው» አልኩ።

መዋሸት የጀመርኩት በዚህች ነው። አስተርጓሚ ከመጀመሪያዋ ውሸት በኋላ መመለሻ የለውም።

የመጀመሪያው ሪዝሊንግ የሚባል ነጭ ወይን ነው፣ ደረቅ፣ አሉ። ደረቅ ብዬ ተረጎምኩ። እማዬ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋ ፈሳሹ ሲንቀሳቀስ አየች። «ውሃ ሆኖ የምን ደረቅ?» ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ተለውጦ አልቋል ማለት ነው ብዬ አስረዳኋት። «ታዲያ ትንሽ ማር ጣል ቢያደርግበት ምን ይለዋል?» ይኼን «ስለ አሠራሩ የበለጠ ማወቅ ትፈልጋለች» ብዬ አሳለፍኩት።

ሽማግሌው ደስ አላቸው። አገሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ፍሬው ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፣ ስለዚህ አሲዱ ሳይጠፋ ይቆያል፣ ሞቃት አገር ቢሆን ስኳሩ ሲወጣ አሲዱ ይወርድ ነበር፣ እያሉ አብራሩ። የዚህ አገር ወይን ኩራቱ ይኼው አሲድ ነው። እማዬ ፉት አለች። ዓይኗን ጨፈነች። ከፈተች።

«ኮምጣጤ ነው በለው።»

«አሲዱ ሕይወት ያለው ነው ትላለች።»

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ለረጅም ጊዜ የእማዬን ፊት አዩ። ፊቷን ደግሞ የሚያስተረጉም አያስፈልገውም።

ተራው የኔ ሆነ። ብርጭቆውን በእግሩ ያዝኩ። አሽከረከርኩ። አሸተትኩ። ቅንድቤን አነሳሁ። ጉንጬ ውስጥ አገላበጥኩት። ከዚያ ልክ እንደ ቪዲዮው ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ባልዲ ጎንበስ ብዬ ተፋሁት።

ጭኔ ላይ ጥፊ አረፈ። «ሰው ፊት!» አለች እማዬ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በጥርት ያለ አማርኛ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግሁትም» አለች።

«አሁንስ ምን አሉ?»

«መዓዛው አበባ አበባ ይላል አለች።»

«መቱህ እኮ።»

«በደስታ ነው።»

ቀጥለው ሁለተኛውን እየቀዱ ወሬ አመጡ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የአንድ ሽማግሌ የድሮ ፎቶ ተሰቅሏል። አባትዎ ናቸው ወይ አልኳቸው። ሳቁ። ኮንስታንቲን ፍራንክ ናቸው፣ እሳቸው ባይኖሩ እዚህ ማናችንም አንኖርም ነበር፣ አሉ። ከዩክሬን የመጡ ሰው ናቸው። በፈረንጆች 1951 ከነቤተሰባቸው ኒውዮርክ ሲገቡ ሃምሳውን አልፈዋል፣ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸው ግን ወይንን በብርድ አገር ስለማልማት ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ሆነ? ምግብ ቤት ሳህን ማጠብ።

እዚህ ላይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። መቼም ከዋሽንግተን አካባቢ መጥቶ ይኼን ታሪክ የማያውቅ የለም። የእኔ ጎረቤት ኢንጂነር ነው፣ መኪና ያቆማል። ይኼን ለእማዬ ስተረጉምላት ምንም አልዋሸሁም።

«እና ማን አመናቸው?» አለች።

ማንም። ከዚያ ጄኔቫ የሚባል ከተማ፣ እዚሁ ሐይቁ ራስ ላይ፣ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገቡ። በወይን ዶክተርነት እንዳይመስላችሁ፣ ብሉቤሪ ሊኮተኩቱ ነው። የአውሮፓ ወይን ይኼን ብርድ አይችልም ሲሏቸው፣ እኔ የመጣሁበት አገር ከዚህ ይብሳል፣ የሚያስፈልገው ብርድ የሚችል ሥር ላይ ማዳቀል ነው፣ እያሉ ሰሚ አጡ። በመጨረሻ ሻርል ፉርኒዬ የሚባል በሻምፓኝ ያደገ ፈረንሳዊ የወይን ኩባንያ ኃላፊ አዳመጣቸውና በ1953 ቀጠራቸው። ሁለቱ ብርድ የሚችለውን ሥር ፍለጋ ዞረው ዞረው ካናዳ፣ ኩቤክ፣ አንድ ገዳም ግቢ ውስጥ አገኙት።

ገዳም ሲባል እማዬ አማተበች። «ድሮስ!» አለች።

በ1957 ክረምት ለአገሬው ወይን እንኳ ያልራራ ብርድ መጣ፣ የሳቸው ተክል ግን አፈራ። በ1962 ኪዩካ ሐይቅ አጠገብ የራሳቸውን ወይን መጥመቂያ ከፈቱ። እማዬ ይኼን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «ጎበዝ ናቸው በላቸው» አለች።

ልብ አድርጉ፣ በለው ቀርቶ በላቸው ሆነ። ከገዳሙ በኋላ ነው።

ብርዱን እንዴት ነው የምትችሉት ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው በመስኮት አሳዩዋት። ሐይቁ 188 ሜትር ጥልቀት አለው፣ በክረምት ስንኳ እምብዛም በረዶ አይሆንም። በጋውን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት በክረምት ለዳር ለዳሩ ቀስ ብሎ ይሰጣል። በጸደይ ደግሞ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ተክሉ ቶሎ ተታሎ እንዳያቆጠቁጥ ያዘገየዋል፣ የዘገየ አመዳይ እንዳይበላው። መኸር ላይ ሥሩና ግንዱ የተዳቀሉበትን ቦታ አፈር ያስታቅፉታል፣ ጸደይ ሲመጣ መልሰው ይገልጡታል።

ይኼን እንዴት እንደምተረጉም ሳስብ እማዬ ቀደመችኝ። «ገባኝ። ጋኑን በጋቢ እንደመጠቅለል ነው። ብርድ ሲሆን ጠጁ እንዳይተኛ።»

ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው ጠረጴዛውን በእጃቸው መታ አደረጉ። «ጠጅ ይጠምቃሉ እንዴ?»

እማዬ ይኼን ጥያቄ ያለ አስተርጓሚ ገባት። ቦርሳዋን ከፈተች።

ነጠላው ሲፈታ ፕላስቲኩ የኮካ ቅርጹን ጥሎ ነበር። እንደ ጉንፋን ጉንጭ አብጧል። ቂጡ ወደ ውጭ ወጥቶ መቆም አቅቶት ጠረጴዛው ላይ ይወዛወዛል። ደሜ ቀዘቀዘ። «እስቲ እኔ...» ብዬ እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው በአክብሮት ወደ ራሳቸው ሳቡት። አርባ ዓመት ጠርሙስ የከፈተ እጅ ነው። ጠመዘዙት።

የወጣው ድምፅ የጠርሙስ ድምፅ አይደለም። ክዳኑ ጣሪያውን መታ። ከኋላው ጠጁ ተከተለ፤ ከነአረፋው፣ ከነአንቡላው፣ ከነጌሾው። መነጽራቸው ላይ፣ ጢማቸው ላይ፣ ሸሚዛቸው ላይ፣ ፎቶው ላይ። ሲያበቃ ፕላስቲኩ ውስጥ አንድ ብርሌ የሚሞላ ቀርቷል። ከጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይላል። የሽማግሌው የቀኝ መነጽር ላይ አንዲት የጌሾ ቅጠል ተለጥፋለች።

ማንም አልተነፈሰም።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ምላሳቸውን አወጡና ጢማቸውን ላሱ። አሰቡ። እንደገና ላሱ።

«ይኼ መራራ ነገር ምንድነው?» አሉ።

ጌሾ ነው አልኩ በሞተ ድምፅ። መነጽራቸውን አውልቀው ቅጠሏን አነሱ፣ አሸተቷት፣ ነከሷት። ከዚያ ሁሉን ነገር እንደ መምህር አስረዱኝ። እርሾው ስኳሩን ሲበላ አልኮል ብቻ አይደለም የሚያወጣው፣ ጋዝም ያወጣል። ስኳሩ ሳያልቅ አፉ ከታፈነ ጋዙ መውጫ ያጣል። እሳቸውም በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት ሳይጨርስ የታሸገ ወይን ጓዳቸው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ተኩስ ሲፈነዳ አድሯል። እና ጠየቁ፦ «እናትህ ይኼን አያውቁም?»

ተረጎምኩ። እዚህ ላይ እንኳ ለማምለጥ ሞክሬያለሁ፤ «ሙቀቱ ነው ይላሉ» አልኳት።

እማዬ አላመነችኝም። ክዳኑን ከወለል አንስታ አየች። እኔን አየች። በእንግሊዝኛ የምታውቃቸው ቃላት አስር አይሞሉም፣ አንዷን መዘዘቻት። ጣቷን ግንባሬ ላይ ደቅና «ሂም!» አለች። «ሂም! ሂም!»

ሽማግሌው እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ሌላ አንድ አለ» አልኩ። «መኪናው ውስጥ። ፀሐይ ላይ።»

ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ሁለተኛውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው፣ ከሰውነታቸው አርቀው፣ እንደ ፈንጂ አምካኝ እየተራመዱ ወደ ምድር ቤቱ አወረዱት። በረዶ ውስጥ ነከሩት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ክዳኑን በፀጉር ስንጥቅ ያህል እየፈቱ፣ ትስ... እያስባሉ፣ መልሰው እየዘጉ አስተነፈሱት። እማዬ አጠገባቸው ቆማ «ቀስ፣ ቀስ፣ በርቱ» ትላቸዋለች። ሁለቱ ያለ እኔ መግባባት ጀምረዋል። እኔ ፎቅ ላይ ጣሪያ እየወለወልኩ ነበር።

የተከፈተ መጠጥ በመኪና ይዞ መሄድ እዚህ አገር ያስቀጣል። ስለዚህ ጠጁ እዚያው ቀረ። ወደ መስታወት ዕቃ ገለበጡትና አፉ ላይ ጋዝ የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ ቱቦ ሰኩለት። የቀመስንበትን አላስከፈሉንም። ለእማዬ ጣፋጭ የሚለውን ሪዝሊንግ፣ ዘግይቶ የሚለቀመውን፣ ሁለት ጠርሙስ ሰጧት። እሱን ቀምሳ «ይኼ ይሻላል» አለች። እንዳለች ነገርኳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልእክት ላኩልኝ። ፎቶ አለው። የእማዬ ጠጅ ከበርሜሎቹ መካከል ቁጭ ብሏል፣ ጠርቷል፣ ወርቅ መስሏል። ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን አቁሟል፣ አሁን ምን ላድርገው፣ ይላሉ።

ለእማዬ አነበብኩላት። መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን አጉልታ መረመረችው።

«አጥልለው ይጠጡት በላቸው» አለች። «ክዳኑን ግን ለዚያ ልጅ እንዳይሰጡት በላቸው።»

እንዳለ ተረጎምኩት።