ራስፕቤሪ ፓይ 5 በደሴ አየር

ዛሬ ራስፕቤሪ ፓይ 5 የተባለው፣ በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ደሴ ላይ ሲፈተሽ ዋለ። ፍጥነቱ አያከራክርም፤ አራቱ ኮርቴክስ ኤ76 ኮሮች (የቺፑ ማስሊያ ክፍሎች) በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሠሩ ከቀደመው ሞዴል ከፓይ 4 በእጥፍ ይበልጣሉ። ጣጣው ኃይልና ሙቀት ላይ ነው።

ቦርዱ 5 ቮልት 5 አምፔር ይፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው የስልክ ቻርጀር ግን 65 ዋት ቢጻፍበትም፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ላይ ከ3 አምፔር አያልፍም። ያኔ ቦርዱ ለአራቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በድምሩ 600 ሚሊአምፔር ብቻ ይሰጣል። የውጭ ሃርድ ዲስክ ስትሰኩበት ጠቅ ጠቅ ይልና ይጠፋል። ዲስኩ ተቃጠለ ብላችሁ እንዳትጥሉት አደራ፤ የራበው ኃይል ነው።

ደሴ ብርድ ናት ብሎ ማራገቢያውን መተውም አያዋጣም። ሥራ ሲበዛበት ቺፑ 80 ዲግሪ ይደርስና ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። 2,500 ሜትር አካባቢ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ከሆነማ ሙቀቱ ይጨመርበታል! ማራገቢያ ያለውን ማቀዝቀዣ ስትገጥሙ ሁለቱን ባለ ስፕሪንግ መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ በእኩል ጫኑ፤ አንዱ ከተንጠለጠለ ቺፑን በደንብ አይነካም።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ የቦርዱን ሰዓት የምታቆየውን ትንሽ ባትሪ ግዙ። ለብቻዋ ነው የምትሸጠው። እሷ ከሌለች መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ኢንተርኔት እስኪገኝ ድረስ ቀኑ የተሳሳተ ነው፤ የሱቅ ደረሰኝ የሚመዘግብ ሰው ሂሳቡ ይዘበራረቅበታል። መረጃውንም ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ብቻ አታኑሩ፤ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ይበላሻል።