ከኦበርን እስከ ሪቪዬራ፦ እንደ ጀልባ የሾለ የመኪና ጅራት

ወደ ኋላ እየጠበበ ሄዶ እንደ ጀልባ አፍንጫ የሚሾል የመኪና ጅራት መነሻው ፍጥነት ነው። አየሩ ጎንና ጎኑን ተከትሎ ከኋላ ቀስ ብሎ ሲገናኝ፣ መኪናውን ወደ ኋላ የሚጎትተው ሽክርክሪት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1911 ሬይ ሃሩን የመጀመሪያውን የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ያሸነፈበት ማርሞን ዋስፕ የተባለ መኪና ጅራቱ ሹል ነበር። ዘዴው የሚሠራው ግን ጅራቱ ሲረዝም ነው። ጎኑ ከ15 ዲግሪ በላይ ከታጠፈ አየሩ ከላሜራው ይላቀቃል፣ ጥቅሙም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በመንገድ መኪና ላይ ሹል ጅራት በአብዛኛው ለውበት ነው፤ ለውበት መሆኑም በቂ ምክንያት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የ1935ቱ ኦበርን 851 ስፒድስተር የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት የአሜሪካ መኪና ነው። ፋብሪካው ገንዘብ አጥሮት ስለነበር፣ ነዳፊው ጎርደን ቢዩሪግ ተርፈው የተቀመጡ የቀድሞ ስፒድስተር ቦዲዎችን ወስዶ አዲስ መልክ ሰጣቸው። ሞተሩ 4.6 ሊትር፣ ስምንቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረ፣ አየር በግፊት የሚያስገባለት ሱፐርቻርጀር ያለውና 150 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነው። ጅራቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የሚከፈት የኋላ ኮፈን የለውም። ሻንጣ የሚገባው ከወንበሩ ጀርባ ነው። ማጠፊያና የኮፈን ስንጥቅ ስለሌለ ዓይን ከበሩ ተነስቶ እስከ ጫፉ ሳይደናቀፍ ይሄዳል።

በጄኔራል ሞተርስ ይህን መልክ የመለሰው የንድፍ ኃላፊው ቢል ሚቸል ነው፤ መጀመሪያ በ1963 ኮርቬት ስቲንግ ሬይ፣ ቀጥሎ በ1971 ቢዊክ ሪቪዬራ። ሪቪዬራን የነደፈው ጄሪ ሂርሽበርግ ነው። ንድፉ የታሰበው ለአነስተኛ ሻሲ ነበር፤ ትልቁ ላይ ሲጫን ጎኑ ወፈረ። ያም ሆኖ ከላይ ሲታይ የኋላ መስታወቱና ኮፈኑ አንድ ላይ እየጠበቡ ሲሾሉ በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። በ1973 ጫፉ ደነዘ፤ በ1974 ጭራሹን ቀረ።

ሪቪዬራ ልትገዙ ካሰባችሁ ከሞተሩ በፊት ጅራቱን መርምሩ። በኋላ መስታወቱ ዙሪያ ያለው የክሮም ጌጥ ሥር ውኃ ይቋጥራል፤ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ፣ በተለይ በታችኛው ጠርዝ ነው። ከዚያ ውኃው ወደ ዕቃ መጫኛው ይወርድና ወለሉን ይበላል። ስለዚህ ምንጣፉን አንሡ፣ የትርፍ ጎማውን ሥር በእጃችሁ ዳብሱ። የ1971ዱ ኮፈን ላይ የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች ስላሉ እነሱም ያስገባሉ፤ በ1972 የተነሡት በከንቱ አይደለም።

ማፍሰሱን ለማረጋገጥ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ውኃውን በቀስታ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ አፍስሱ፣ በየቦታው አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ነገር ስለሚረጥብ የገባበትን አታውቁም። ዝገት ሳይፈገፈግ ላዩን ሲሊኮን መቀባት ውኃውን ከሥር አምቆ የብረቱን ዝገት ያፋጥናል፤ መስታወቱ መውጣት አለበት።

በመጨረሻ ጫፉ ላይ ማግኔት አስጠጉ። በሁለት አቅጣጫ የታጠፈ ላሜራ ሲጎዳ መልሶ ማቅናት የሚችለው ጎበዝ ባትላሜራ ብቻ ስለሆነ ብዙዎች ስቱኮ በሚባለው የላሜራ መሙያ ይሞሉታል። ማግኔቱ ካልያዘ ስቱኮው ወፍራም ነው፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ደግሞ በንዝረት ሊሰነጠቅ ይችላል። መስታወቱም ጭረትና ስንጥቅ እንደሌለው ዋጋ ሳትነጋገሩ አረጋግጡ፤ ከሌላ ዓይነት መኪና አምጥቶ መተካት አይቻልም።