«አታጥፊያት!»፦ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፣ ከአንዲት ቢጫ መብራት ጋር

አባባን ሐዋሳ አደርስዎታለሁ ብዬ ቃል የገባሁት ለገና ነበር፤ የወጣነው ግን ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ ነው። የሚጠይቁት ሰው የድሮ ረዳታቸው ነው። አባባ ኤንትሬ የተባለውን የጭነት መኪና እየነዱ በአሰብ መስመር ሲመላለሱ አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው ሠርቷል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ መስመሩ ሲዘጋ እሳቸው ወደ ጅቡቲ መንገድ ዞሩ፣ እሱ ሐዋሳ ገብቶ ኑሮውን መሠረተ። በየበዓሉ ስልክ መደዋወል ግን አላቆሙም። ዘንድሮ እግሩን ታሞ ከግቢው ሳይወጣ ከረመ ሲባል አባባ እንቅልፍ አጡ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣን። መኪናዬ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንደ ብዙ ሰው እኔም ወደዚያው ዞርኩ። ማታውን ቻርጅ ላይ ስላደረች መቶ በመቶ ሞልታለች። ስከፍታት ስክሪኑ በርቶ ጠፋ፣ ከዚያ እንደገና በራ። አምስት ቀን ሳትንቀሳቀስ ቆማ ነበርና «ብርዱ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝ ይህ ነው። መኪናዋ በግልጽ ነግራኛለች።

ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱን ያዝን። ቢሾፍቱን ስናልፍ ፀሐይዋ ወጣች፤ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን በአዲሱ መንገድ የቆቃን ሜዳ ተያያዝነው። አባባ የመኪናዋን ድምፅ አልባነት እስካሁን አልለመዱትም። ጆሯቸውን ወደ ወለሉ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ ሰላሳ ዓመት በሞተር ድምፅ መንገድ ያነበበ ሰው ጸጥታ ያስጨንቀዋል። የመቂን መውጫ አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ ግራና ቀኙ የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ በሆነበት፣ አንዲት ቢጫ ምልክት ስክሪኑ ላይ በራች። የባትሪ ቅርጽ አላት፤ በአንድ በኩል የመደመር፣ በሌላው የመቀነስ ምልክት። ከሥሯ አንድ መስመር ቻይንኛ።

መኪናዋ የመጣችው ከነቻይንኛ ጽሑፏ ነው። ስልኬን ለአባባ ሰጥቼ ካሜራውን ወደ ጽሑፉ እንዲያነጣጥሩት ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን አስጠግተው አነበቡ።

«‹ረዳት ባትሪ ዝቅተኛ› ይላል» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ዐዩኝ፦ «ይቺም ረዳት አላት እንዴ?»

አላት። ትልቁ ባትሪ፣ ወለሉ ሥር የተዘረጋውና ጎማውን የሚያዞረው፣ በብዙ መቶ ቮልት የሚሠራ ነው። ነገር ግን ራሱን መቀስቀስ አይችልም። መኪናዋ ስትቆም ከቀረው የመኪናዋ ክፍል ጋር የሚያገናኙት ትልልቅ ማብሪያዎች ለደኅንነት ሲባል ይለያያሉ፤ መልሶ የሚገጥማቸው የትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ኃይል ነው። ኮምፒውተሮቹን የሚያነቃው፣ ስክሪኑን የሚያበራው፣ የበሩን ቁልፍ የሚከፍተው እሱ ነው። መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ደግሞ አንድ መቀየሪያ (ኮንቨርተር) ከትልቁ ባትሪ ኃይል ወስዶ፣ ቮልቱን አውርዶ ትንሹን ይሞላዋል፤ የዲናሞን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ሳለ ትንሹ ከሞተ መኪናዋ የቆመ ብረት ናት። ይህንን ለአባባ ሳስረዳ ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ እጃቸውን ክንዴ ላይ ጣል አድርገው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«አታጥፊያት!»

የዱሮ ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ያለ ባትሪም ይሄዳል። ዲናሞው ሲበላሽ የአሰብ ሹፌሮች ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ምሳቸውን እንኳ በየተራ እየበሉ፣ መኪናውን እስከሚሠራበት ከተማ ያደርሱት ነበር። የእኔዋ ናፍጣ አትጠጣም፣ ምክራቸው ግን ትክክል ነበር። እየሄደች ሳለ መቀየሪያው ይመግባታል፤ ካጠፋኋት ግን የሚቀሰቅሳት የለም። ማቀዝቀዣውን፣ ሬዲዮውንና የአባባን ስልክ የሚሞላውን ገመድ አጠፋሁ። ፍጥነቴን ቀንሼ ቀኝ ጥጌን ይዤ ባቱ ድረስ ደረስን። ትልቁ ባትሪ ገና 58 በመቶ ይላል።

ባቱ ከተማ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ለመጠየቅ አንድ ጎሚስታ ፊት ለፊት ቆምኩ። ሳላጠፋ፣ ፍሬኑን ይዤ፣ አባባን ውስጥ ትቼ ወረድኩ። በሩን ዘጋሁት። ያላሰብኩት ይኸው ነው፦ ይህች መኪና ሹፌር ከመቀመጫው ተነሥቶ በሩን ሲዘጋ ራሷን ታጠፋለች። ሁልጊዜ የምወድላት ጠባይዋ ነበር። ዞር ስል ስክሪኑ ጨልሟል፤ አባባ በመስታወቱ በኩል እጃቸውን ዘርግተው ያዩኛል። ተመልሼ ገብቼ ፍሬን ረግጬ ሞከርኩ። ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ቀጭን፣ ፈጣን ድምፅ መጣ፣ ጥርስ በብርድ እንደሚንገጫገጭ፣ ቲክ ቲክ ቲክ ቲክ። ከዚያ ምንም።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። የአገራችን ሰው መንገደኛ ሲቸገር አይቶ አያልፍም፤ አምስት ወጣቶች ከኋላ ተሰለፉና «እንግፋት!» አሉ። ልቤ ተነካ፤ ነገር ግን ይህች መኪና ተገፍታ አትነሣም። የሚያያዝ ማርሽ የላትም፤ የቆመችበት መቆለፊያ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ ስለማይለቅ ብትገፋም ጎማዋ አይዞርም። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ደግሞ የባትሪ ማያያዣ ገመድ ይዞ መጣ። አባባ ከመኪናው ወርደው እጁን ያዙት። «ልጄ፣ ያንተ ሁለት ባትሪ ተያይዞ 24 ቮልት ነው። የእሷ 12 ነው፤ ኮምፒውተሯን ታቃጥልባታለህ» አሉት። ሹፌሩ ግንባሩን መታ አድርጎ አመስግኖ ሄደ። በዚያች ሰዓት አባባ ባይኖሩ ኖሮ እኔ ገመዱን እቀበለው ነበር።

ኤሌክትሪሽያኑ የመጣው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው፤ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚጠግን፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ። የመኪናዋን ምንነት ሲያውቅ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እህቴ፣ እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ነክቼ አላውቅም። ሰው ይገድላል ይላሉ።» ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች የትልቁ ባትሪ መሥመሮች ናቸው፤ ሥልጠናና መከላከያ ጓንት የሌለው ሰው ሊነካቸው አይገባም። ኮፈኑን በእጅ መክፈቻው ከፍቼ ብርቱካናማዎቹን አሳየሁት፤ ትንሹ ባትሪ ከእነርሱ ርቆ በጥግ በኩል ተቀምጧል። «እዚያ ጋ ብቻ» አልኩት። ጥቂት አሰበና ቴስተሩን አወጣ።

10.4።

ቁጥሯን ሁለት ጊዜ አነበባት። ደኅና ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ይላል፤ 12 ላይ ሲደርስ አብዛኛው ኃይሉ ተሟጧል። 10.4 ግን ሌላ ነገር ነው። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ እያንዳንዳቸው ሁለት ቮልት ገደማ የሚሰጡ የስድስት ሴሎች ድምር ነው። «አንድ ሴል ሞቷል» አለ ልጁ፣ አሁን ፍርሃቱ ለቅቆት። «ቻርጅ ብናደርገውም አይመለስም፤ የቀሩት አምስቱ ይፈላሉ።»

ከሱቁ ሲሞላ ያደረ ባትሪ አምጥቶ ለሙከራ አያያዝነው፦ ቀዩን ከፖዘቲቩ ጋር፣ ጥቁሩን ከባትሪው ርቆ ካለ ባዶ የሻሲ ቡሎን ጋር። አንዲት ትንሽ ብልጭታ ወጣች። ፍሬን ረግጬ ቁልፉን ስጫን ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ በራ፤ ቴስተሩ ከ12 ተነሥቶ 14.1 ላይ ቆመ። ይህ ቁጥር ነው እፎይ ያሰኘኝ። መኪናዋ ተነሥታ ሳለ ቮልቱ ወደ 14 ካልወጣ ጥፋቱ ምናልባት ትልቁና ውዱ መቀየሪያው ጋ ነው፤ ከወጣ ግን መቀየሪያው ይሠራል፣ የሞተው ባትሪው ብቻ ነው። ተመሳሳይ መብራት ለበራባችሁ ሁሉ ይህንን ልኬት ሳታዩ ማንም ሰው «ኮንቨርተር ይቀየር» ቢላችሁ አትስሙ እላለሁ።

ለምን ሞተ? ልጁ ከባትሪው ጎን የታተመውን ቀን በጨርቅ ጠርጎ አሳየኝ። ባትሪው የተሠራው እኔ መኪናዋን ከመረከቤ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ያንን ጊዜ ያሳለፈችው በመርከብ፣ በወደብና በመጋዘን ቆማ ነው። የእርሳስ ባትሪ ኃይሉ ተሟጦ ለወራት ሲቀመጥ ሳህኖቹ ላይ ድኝ አዘል ጨው ይጋገርባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞሉትም የድሮውን ያህል አይይዝም። አዲስ መኪና የገዛሁ መስሎኝ ያረጀ ባትሪ ነበር የተረከብኩት። የራሴም ጥፋት አለ። ከመስታወቱ ላይ የሰቀልኳት ካሜራ መኪናዋ ስትቆምም እንድትሠራ አድርጌ አስገጥሜያታለሁ። ሩብ አምፔር ገደማ ትወስዳለች፤ በቀን ስድስት አምፔር ሰዓት። ባትሪው 45 ነው። አምስት ቀን ቆማ ነበር፤ ሂሳቡ ቀላል ነው። አንዳንድ መኪኖች ቆመው ሳለ ትልቁ ባትሪ ትንሹን እንዲሞላ ያደርጋሉ፤ የእኔዋ ቻርጅ ላይ ካልተሰካች አታደርገውም።

ባቱ ውስጥ ልኩን የሚመስል ባትሪ አልተገኘም። ያገኘነው ባለ 45 አምፔር ተራ የአውቶሞቢል ባትሪ ከመቀመጫው በሁለት ጣት ይረዝማል፤ መያዣ ብረቱም አልገጠመም። ልጁ የመኪናዋን በር ክፍት ትቶ (ኃይል ሲቋረጥ እንዳትቆለፍ) መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈታ፤ አዲሱን ሲያስር ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ከዚያ ከጎሚስታው አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ አስመጥቶ በስፋት ቀደደው፤ ባትሪውን ሁለት ዙር ጠምጥሞ ከሥሩ ጋር ወጥሮ አሰረው። አባባ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። «ይህ የእኛ ቋጠሮ ነው፤ ማን አስተማረህ?» አሉት። ልጁ ዓይኖቹን ወደ መሬት ሰብሮ ሣቀ። የካሜራዋንም ገመድ ከፊውዙ ነቀለልኝ። የጠየቀው ክፍያ ለሥራው ያንሳል ብዬ ጨመርኩለት፤ አባባ ደግሞ መርቀውታል።

ቢጫዋ መብራት ጠፋች። አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን፣ የላንጋኖን ግራሮች አልፈን አርሲ ነገሌ ላይ ቡና ጠጣን። እዚያም አጥፍቼ ስመለስ ልቤ እየመታ ነው የሞከርኳት፤ በመጀመሪያው ተነሣች። ሻሸመኔ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ብዙ ቆምን፤ ሐዋሳ ስንገባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል።

የሁለቱን መገናኘት በዝርዝር አልጽፈውም፤ የእነርሱ ነው። ከተሳሳሙ በኋላ ብዙ ሰዓት እጅ ለእጅ እንደተያያዙ መቀመጣቸውን ግን ዐይቻለሁ። ማታ ራት ላይ አባባ የመንገዱን ጉዳይ ሲያጫውቱት ሰውዬው ከምርኩዙ ላይ አገጩን አንሥቶ በጥሞና ሰማ። ስለ ሕመሙ ስንጠይቀው እንኳ ያን ያህል አልነቃም ነበር። ባትሪው የት እንደተቀመጠ፣ በምን እንደታሰረ፣ ጫፎቹ መጥበቃቸውን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። «ኮረኮንች ላይ ይላላል፣ ልጄ» አለኝ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ የግቢው በር አጠገብ የብረት ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ኮፈኑ ተከፍቷል። ሰውዬው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ምርኩዙን ከመኪናዋ ጎን አስደግፎ፣ ባትሪ መብራቱን በአፉ ይዞ ከመነዳሪውን እንደገና ይወጥራል። እኔ እንዳየሁት አላወቀም። ጫፎቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጎ ሞከረ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ መስኮት ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጋሼ! ዝግጁ ነው።»

ከውስጥ የአባባ ድምፅ መጣ፦ «መጣሁ።»