ጋሼ የሰሙት ፀጥታ

ሥራዬ ቢሮ ማደስ ነው። ቀለም፣ ጂፕሰም፣ ፓርቲሽን፣ መስታወት። ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ አካባቢ፣ መንገድ ዳር ያለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የአንድ አንጋፋ ጠበቃ ቢሮ እንድናድስ ተጠራን። ጋሼን ቀለሙም ወንበሩም አላሳሰባቸውም። «ልጄ፣ ብቻ ይህን ጩኸት አጥፋልኝ» ነው ያሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ትልቅ መስታወት አለ፣ ከሥሩ የታክሲ ሰልፍ። ረዳቶቹ «ጦር ኃይሎች! አየር ጤና!» እያሉ ይጣራሉ (እንጀራቸው ነው፣ ምን ይደረግ)፣ ክላክሱ አያባራም፣ መሀል መሀል ላይ ደግሞ ባቡሩ ያልፋል። የድምፅ መለኪያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መስኮቱ ተዘግቶም 61 ዴሲቤል አካባቢ ነው።

የድርብ መስታወት ፕሮፎርማ አመጣሁላቸው። ዋጋውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ ብር ሌላ ቢሮ እከራይበታለሁ እኮ!»

እንግዲያው በርካሹ ሄድን። ጠረጴዛውን ወደ ጎን አዞርነው፣ የመስታወቱን የታችኛውን ግማሽ የማያሳይ ስቲከር ለጠፍንበት፣ በጠባቧ በረንዳ ላይ ረጅም የአበባ ገንዳ አስቀምጠን ቅጠላቸው የበዛ ተክሎች ተከልን። ከዚያ በኋላ ጋሼ ቀና ሲሉ የሚያዩት ቅጠልና ሰማይ ብቻ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ያደረግኩት ባዶ እጄን ላለመውጣት ነበር። አንድ ረድፍ ቅጠል ድምፅ አያስቆምም። ድምፅ የሚያስቆመው ክብደት ነው፦ ግንብ፣ ወፍራም መስታወት፣ ክፍተት የሌለው በር። ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ድምፅም ያስገባል።

ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ደወሉ። ወቀሳ ነው ብዬ ልቤ ድው አለ። «ተባረክ ልጄ! በግማሽ ቀነሰልኝ!»

መለኪያዬን ይዤ ሮጥኩ። 60። አንድ ዴሲቤል ማለት እኮ ጆሮ ለይቶ የማያውቀው ልዩነት ነው፤ ሰው «በግማሽ ቀነሰ» እንዲል በግምት 10 ዴሲቤል መውረድ አለበት። ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «መለኪያህን አሠራው» ብለው ቡና አዘዙልኝ።

ኋላ ሳነብ ጋሼ እንዳልተሳሳቱ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ ያሳተሙት ጥናት አለ። የሰውየው አፍ «ጋ» ሲል እያያችሁ ወደ ጆሯችሁ «ባ» የሚል ድምፅ ቢገባ፣ ብዙ ሰው የሚሰማው «ዳ» ነው። ዓይናችሁን ስትጨፍኑ «ባ» ይመለሳል። ለአንዲት ፊደል እንዲህ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚታይ የታክሲ ግርግርማ አስቡት። ጋሼ የተገላገሉት ከግርግሩ ነው እንጂ ከድምፁ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብቆም ጀግና ነበርኩ። ግን ስቲከር ተርፎ ነበር። ይባክናል ብዬ ሠራተኛዬን «የጸሐፊዋን መስኮትም አልብሰው» አልኩት፤ እሷን ሳልጠይቅ፣ ከላይ እስከ ታች። ቡናውን ጨርሼ ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ወንድሜ፣ ምን በድዬህ ነው? ጩኸቱ ባሰብኝ እኮ!»

እሷም ጋ ለካሁ። ያው ነው፣ ንቅንቅ አላለም። መለኪያውን ላሳያት አስቤ ተውኩት፣ ጋሼ ያሉኝን እሷም እንዳትደግምልኝ። ይልቅ ምን እንደተለወጠባት ጠየቅኳት። ድሮ ክላክስ ሲጮህ አንገቷን መለስ ታደርጋለች፣ መንገድ የዘጋ ሚኒባስ ታያለች፣ «ያው ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አሁን ግን ፍሬን ሲያፏጭ፣ ሰው ሲጮህ፣ ምን እንደሆነ አታይም። ሰው ተገጨ? ሌባ ነው? ፖሊስ መጣ? ለእያንዳንዱ ድምፅ ሐሳቧ ይበተናል፣ መጻፉን ታቋርጣለች። አንድ ዓይነት ስቲከር፣ አንድ ዓይነት መንገድ፤ ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላዋ ሰቀቀን።

አሁን አሁን ቢሮ ስገባ ከመለኪያው በፊት «ከዚህ ወንበር ምን ይታያል? ማየቱን ይፈልጉታል?» እላለሁ። የዚያን ቀን ግን ምላጭ አውጥቼ እሷ ተቀምጣ የምታይበትን ከፍታ ለክቼ፣ ስቲከሩን አንድ ክንድ ያህል ቀደድኩላት። ገና ጠርጌ ሳልጨርስ ከታች ክላክስ ጮኸ። ቀና ብላ በቀዳዳው አየች።

«እሱ ነው፣ ቢጫው ሚኒባስ» አለችና መጻፏን ቀጠለች።