የሰንበቴው ሙሴ በደከሙ ጊዜ

በቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ፣ በቃለ ዐዋዲው መሠረት የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር የደብሩ አስተዳዳሪ ካህን ናቸው፤ ምክትላቸው ከምእመናን ይመረጣል። እኛ ስደተኞቹ ዘንድ ግን የሕንፃው ብድር፣ የኢንሹራንሱ ክፍያ፣ የማሞቂያው ብልሽት፣ በበዓል ሌሊት ስለ ከበሮው ድምፅ ፖሊስ የሚጠራው ጎረቤት፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ምክትሉ ላይ ነው። እኔ ዴንቨር ላይ ይህን ኃላፊነት ተሸክሜያለሁ። ሌሊት ኤርፖርት እሠራለሁ። ጠዋት ከሥራ ስወጣ ስልኬ በመልእክት ተሞልቶ ይጠብቀኛል። አንዱ የመኪና ማቆሚያው በረዶ አልተጠረገም ይላል፤ ሌላው የአስተዋጽኦ ደረሰኝ አልደረሰኝም ይላል፤ ሌላው ደግሞ በአገር ቤት ፖለቲካ ተኳርፎ ከእገሌ ጋር አንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ አልቆምም ይላል።

ሥራው አይደለም የሚያደክመው። ሁለት ሥራ እየሠራ ልጅ ያሳደገ ሰው በረዶ መጥረግ አያቅተውም። የሚያደክመው መጠርጠር ነው። እንቅልፍህን ትተህ ስታገለግል ከጀርባህ «ምን ቢያገኝበት ነው?» የሚል ቃል ስትሰማ ጉልበትህ ይከዳሃል። ደክሞኛል ብለህ ስትናገር ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «በርታ፣ ጸልይበት።» ጸሎትን ማቃለሌ አይደለም፤ ያለ ውዳሴ ማርያም ቀኔን አልጀምርም። ግን «ጸልይበት» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ እየገባ ነው የሚናገረው። ቃሉ እውነት ነው፤ ሰውየው ግን አብሮህ የለም።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. መንገዱ እንደዛሬው ሳይከብድ አገር ቤት ገብቼ ነበር። ደብረ ብርሃን ከወለጋ ተፈናቅለው በመጡ ወገኖች ተጨናንቃ አገኘኋት። የከተማው ዕድሮች፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና አጥቢያዎች ቆሎና ብርድ ልብስ ሲያሰባስቡ ከረሙ። እነዚያን አስተባባሪዎች ሳያቸው ዓይናቸው ሥር የነበረውን ድካም አወቅሁት፤ የራሴ ድካም ነው። ከዚያ ጉዞዬ ወደ መንዝ ሆነ፤ ከጣርማበር ዋሻ በፊት ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከሞላሌ ብዙም ሳይርቅ፣ የእናቴ ወንድም ወደሚኖሩበት ቀበሌ።

ጋሼ እላቸዋለሁ። የአጥቢያቸው ሰንበቴ ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ ናቸው፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮ። ስደርስ ቤት ውስጥ በርኖሳቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ በአዝመራ ወቅት፣ በቀን። አክስቴ ምድጃው ዳር ስቃ ተቀበለችኝ፤ ፊቷ ግን አልሳቀም። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ይቀየር ተብሎ ከምእመኑ ገንዘብ ተሰብስቧል፤ መዝገቡንም ገንዘቡንም የያዙት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ሰንበቴ ላይ «የሚስማሩ ዋጋ በዝቷል» ብሎ አንሾካሾከ። ወሬው ጆሯቸው ገባ። ያንኑ ቀን መዝገቡንና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በአንድ ልጅ አስይዘው ለመምሬ ላኩ። ከዚያ ወዲያ ገብሱ ደርሶ ማሳው ላይ ቆሞ እሳቸው ከቤት አልወጡም።

«አንቱ ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» ብላቸው፣ «በቃኝ ልጄ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከሁለት ቀን በኋላ ገና ጎህ ሳይቀድ ውሻው ጮኸ። ብወጣ ውርጩ ላይ ሰዎች ቆመዋል፤ ማጭድ ይዘዋል። ሴቶቹ ማሰሮና አገልግል ተሸክመዋል። መንዝ ያደገ ሰው ደቦ ያውቃል። ደቦ ጠሪ ይኖረዋል፤ ጠሪው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይጋግራል፣ የመጡለትን ያበላል። እነዚህን ግን የጠራቸው አልነበረም፤ ስንቃቸውንም ራሳቸው ነው ያመጡት። ጋሼ በሩ ላይ ብቅ ብለው፣

«ማን ጠራችሁ?» አሉ።

«ገብሱ ጠራን» አለ አንዱ ጎልማሳ፣ እና ወደ ማሳው ወረደ። ስለ ሚስማሩ ያንሾካሾከው ሰውም ከመካከላቸው ነበር። ማንም ስሙን አላነሣም፤ እሱም ቀና ብሎ አላየም፤ አጎንብሶ አጨደ።

መምሬ ማጭድ አልያዙም፤ ሽማግሌ ናቸው። ገብተው ከጋሼ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ምክር እጠብቅ ነበር፤ ስብከት እጠብቅ ነበር። አክስቴ በሶ በጥብጣ አቀረበች፤ መምሬ ባረኩና «እስኪ ይቅመሱ» አሏቸው። ጋሼ ቀመሱ። ረፈድፈድ ሲል ደግሞ የመጣው ዳቦ ተቆረሰ፤ እንደገና «ይብሉ» አሏቸው። ቀትር ላይ ጋሼ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አክስቴ ከስንት ሌሊት በኋላ እንደሆነ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

ከሰዓት ገብሱ ተከምሮ ሲያልቅ ሁሉም አውድማው ዳር ተቀመጠ። መምሬ የመዝገቡን ደብተር ከነጠላቸው ሥር አወጡና ለአንድ አስተማሪ ሰጡት። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በሁሉ ፊት ተነበበ፤ ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ፣ የመኪናው ኪራይ፣ የአናጢው ዋጋ፤ ደረሰኞቹም ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። አንድ ብር አልጎደለም። ያ ሰው ተነሥቶ የጋሼን ጉልበት ሳመ። ይህን ክፍል አጥብቄ የምጽፈው አንዳንዶቻችን መሪን ማጽናናት ማለት ጥያቄውን ማፈን ስለሚመስለን ነው። ጥያቄው አልታፈነም። በብርሃን ተመለሰ። ንጹሕ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያሳርፈው ነገር የለም፤ ንጹሕ ላልሆነውም የሚበጀው ይኸው ነው።

ማታ ተኝቼ ስለ ነቢዩ ኤልያስ አሰብሁ፤ ቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 19። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ የወረደለት ሰው ብዙም ሳይቆይ የንግሥቲቱን የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ሸሸ። ምድረ በዳ ገብቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል» አለ፤ ሞቱንም ለመነ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። «አንተ ነቢይ ሆነህ እንዴት?» አላለውም። መልአክ ላከለት፤ መልአኩም ትምህርት ይዞ አልመጣም፤ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነው ያመጣው። በላ፣ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። ትልቁ ንግግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በእስራኤል ለጣዖቱ ለበኣል ያልተንበረከኩ 7 ሺህ ሰዎች አሉ የሚለው ቃል፣ ኤልሳዕን ቀብተህ በምትክህ አቁም የሚለው ትእዛዝ። መጀመሪያ እንጎቻ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ከዚያ ወዳጅና ተተኪ። እኛ ግን ለደከመ አገልጋይ ሦስቱንም ዘልለን በቀጥታ ወደ ኮሬብ ውጣ እንለዋለን።

ሐዋርያው ጳውሎስም መቄዶንያ ላይ ሥጋው ዕረፍት አጥቶ፣ በውጭ ጠብ በውስጥ ፍርሃት ነበረብን ብሎ ጽፏል። ማን አጽናናው? እግዚአብሔር ነው ይላል፤ እንዴት ቢባል በቲቶ መምጣት ነው ይላል። አንድ ሰው መንገድ ተጉዞ መጣለት። ሄኔሲፎሩ የሚባል ወዳጁም ታስሮ ሳለ ሮም ውስጥ ተግቶ ፈልጎ አገኘው፤ በሰንሰለቱም አላፈረበትም።

ስለ ብቸኝነቱ ደግሞ መንዝ ራሱ ያስተምራል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበትን የጓሳን ምድር አያቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀውታል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብትም ማጭድም አይገባበትም። ሲከፈት ለቤት ክዳን የሚሆነው ይታጨዳል፣ ከብቱም ይሰማራበታል። ሥርዓቱን የሚመራ የተመረጠ ሰው ነበረ፤ ጥበቃው ግን የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ይወጣበት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጁ ያ ሥርዓት ቢፈርስም ሕዝቡ በኋላ በኮሚቴ መልሶ አቆመው። መሪው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጓሳ ዛሬ ባልኖረ ነበር። ዮቶርም አማቹን ነቢዩ ሙሴን ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ፣ ብቻህን አትችለውም አለው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነትም የሙሴ እጅ ሲዝል ድንጋይ ከበታቹ አኖሩለትና ተቀመጠ፤ አሮንና ሖር በግራና በቀኝ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ እጁን ደገፉት። ሖር ከዚያ ወዲያ ብዙም አይነገርለትም። ለእኔ ግን ከታላላቆቹ አንዱ ነው።

ሰው የማይመጣበት ቀን እንዳለም አውቃለሁ። ዳዊት በጺቅላግ ከተማው ተቃጥሎ፣ ሴቶችና ልጆች ተማርከው ሲያገኝ፣ ለማልቀስ ኃይል እስኪያጣ ድረስ አለቀሰ፤ አብረውት ያለቀሱት ሰዎች ደግሞ በድንጋይ እንውገረው አሉ። ያን ጊዜ በአምላኩ በረታ፤ የሚይዘው ሌላ እጅ አልነበረውም። ለዚያ ቀን የሚሆን ጸሎት በደህናው ቀን ካልተለመደ በመከራው ቀን አይገኝም። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለውን መዝሙር በልቡ የያዘ ሰው ለራሱ ሊናገረው ይችላል። በዚያው ታሪክ ውስጥ ግን በጣም የምወደው ሌላ ነገር አለ። ማራኪዎቹን ሲያሳድዱ ከዳዊት 600 ሰዎች 200ው ደክመው ወንዝ ዳር ቀሩ። ሲመለሱ ክፉዎቹ ለእነዚህ ምርኮ አይሰጣቸውም አሉ። ዳዊት እምቢ አለ፤ በዕቃው ዘንድ የተቀመጠውና የተዋጋው እኩል ይካፈሉ ብሎ ሥርዓት አደረገው። በአምላኩ የበረታ መሪ የደከመውን አይንቅም።

ዴንቨር ስመለስ ለጉባኤው የነገርሁት የጋሼን አዝመራ ነው። ብዙዎቹ ከሰሜን ሸዋ ስለሆኑ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ያደረግናቸው ነገሮች ትልልቅ አይደሉም። ሒሳቡ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሁሉ ፊት ይነበባል፤ ማንሾካሾክ በግማሽ ቀነሰ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሕንፃውን ስልክ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ሁለት ወጣት ሴቶች ተረከቡት፤ እንግሊዝኛቸውም ከእኔ ይሻላል፣ ከባንኩም ከከተማው መሥሪያ ቤትም ጋር ይነጋገሩበታል። እያንዳንዱ የጉባኤ አባል በተራው አንድ እሑድ ከኃላፊነት ነፃ ሆኖ ያስቀድሳል፤ ያን ቀን ማንም ስለ ማሞቂያ አይጠይቀውም። የእኔ ተራ በደረሰ ጊዜ ቅዳሴውን ከ«ተንሥኡ» እስከ «እትዉ በሰላም» ሙሉውን ሰማሁት፤ እንባዬን መያዝ አልቻልሁም።

አራተኛው ነገር ግን በስብሰባ አልተወሰነም። ገንዘብ ያዣችን እናቷ ደብረ ሲና አረፉባት፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና መሄድ አልቻለችም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እሷ ግን ከኃላፊነቴ እለቃለሁ የሚል ደብዳቤ ጻፈች። ጥቂቶቻችን ተያይዘን ቤቷ ሄድን። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ይዛለች፤ አንዱ የልጆቿን መኪና ጎማ ቀየረ፤ አንዷ እህታችን ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ አጠበች። ስለ ደብዳቤው ማንም ቃል አላወጣም። ስለ እናቷ ነው ያወራናት፤ ጥምቀትን እንዴት ያከብሩ እንደነበር፣ አረቄያቸውን፣ ቁጣቸውን። እስከ ሌሊት ቆየን። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ብትፈልገው የእሷ ነው፣ ማረፍም መብቷ ነው። በሚቀጥለው ወር ሒሳቡን ያነበበችው ራሷ ናት።

ጋሼም ሙሴነታቸው ላይ ናቸው። ባለፈው ኔትወርክ ሲገኝ ደውዬላቸው ነበር። መዝገቡን አሁን ከአስተማሪው ጋር በሁለት ቁልፍ እንደሚይዙት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሙሴነቱን ለዚያ «ገብሱ ጠራን» ላለው ጎልማሳ ለማስረከብ ሥራውን እያሳዩት እንደሆነ ነገሩኝ። ቆርቆሮው ተመትቶ አልቋል፤ የቀረው የግድግዳው ቀለም ነው።

«እናንተ ዘንድ ለቀለም የሚሆን ይገኝ ይሆን?» አሉኝ።

ለቅዳሜው ስብሰባ አጀንዳ አስይዤዋለሁ።