ቪክቶሪያ ውስጥ የአምቡላንስ ኢንሹራንስ፦ ለእናቴ የገዛሁት እና የጣልኩት

አውስትራሊያ ለመጣ ሰው ቶሎ የማይነገረው አንድ ነገር አለ። የመንግሥቱ የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ የአምቡላንስ ሂሳብ አይከፍልም። በመንግሥት ሆስፒታል ተኝታችሁ፣ ታክማችሁ፣ አምስት ሳንቲም ሳትከፍሉ ትወጣላችሁ። ወደዚያ ያደረሳችሁ መኪና ግን ቤታችሁ ድረስ ቢል ይልካል። በ2024 የቪክቶሪያ ዋና ከተማ ሜልበርን ውስጥ ለአንድ የድንገተኛ ጊዜ ጉዞ ከ1,300 ዶላር በላይ ነበር። ከከተማ ውጭ ወደ 2,000 ይጠጋ ነበር። ሄሊኮፕተር ከመጣ ደግሞ 30,000 ዶላር አካባቢ ይደርስ ነበር።

ኩዊንስላንድና ታዝማኒያ ነዋሪዎቻቸውን አያስከፍሉም። ስለዚህ ብሪዝበን ያለ ዘመዳችሁ «አምቡላንስ እኮ ነፃ ነው» ቢላችሁ፣ እሱ ስለሚኖርበት ስቴት ነው የሚያወራው። ቪክቶሪያ ሌላ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በየዓመቱ የሚመጣው የዋጋ ጭማሪ ነው። የግል ጤና ኢንሹራንስ በየሚያዝያ መጀመሪያ ይጨምራል። በ2024 በአማካይ 3.03 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ 3.73 በመቶ ጨመረ። አማካይ ስለሆነ የእናንተ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ደብዳቤው በመጣ ቁጥር ሰው ይደውልልኛል። «የአምቡላንሱን ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ይለኛል። ለሁሉም አንድ በአንድ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ፣ ጭራሽ መክፈል የማያስፈልጋችሁ ትኖራላችሁ። የጡረተኛ ካርድ ወይም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ሄልዝ ኬር ካርድ ያለው ሰው ቪክቶሪያ ውስጥ የድንገተኛ አምቡላንስ አይከፍልም። የመኪና አደጋ ከሆነ የትራንስፖርት አደጋ ኮሚሽኑ ይሸፍናል። ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ የአሠሪው ኢንሹራንስ አለ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ገቢያችሁ ትንሽ ከፍ ሲል ሄልዝ ኬር ካርዱ ይቋረጣል። ካርዱ ሲቋረጥ የአምቡላንሱም ነፃነት አብሮ ይሄዳል። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዱ፣ ገቢያቸው ከፍ ዝቅ የሚል ወንድሞቻችን በዚህ በጣም ይጎዳሉ። የካርዳችሁን ጀርባ ሳይሆን ፊቱ ላይ ያለውን ቀን እዩ።

ካርድ ከሌላችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቀጥታ ከስቴቱ የአምቡላንስ አገልግሎት፣ ከአምቡላንስ ቪክቶሪያ፣ አባልነት መግዛት ነው። በ2024 ለአንድ ሰው በዓመት ከ50 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ፣ ለቤተሰብ ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ሁለተኛው በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል የሚገዛ የአምቡላንስ ሽፋን ነው። ብዙ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስሉታል። አንድ አይደሉም።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። በወላጅ ቪዛ መጥታ ቋሚ ነዋሪ ሆናለች። ነገር ግን ስትመጣ እኛ እንደምንደግፋት የ10 ዓመት ዋስትና ፈርመንላታል። የመንግሥት ድጎማ የሚሰጠው ሴንተርሊንክ አይከፍላትም፣ የጡረታ ካርድም የላትም። ስለዚህ እኛ ጋ ኢንሹራንስ የምንገዛበት ኩባንያ ደወልኩ። ጥያቄዬ ግልጽ ነበር። «እናቴ ቤት ውስጥ ብትታመምና አምቡላንስ ብጠራ፣ የሚመጣውን ሂሳብ ሙሉ በሙሉ ትከፍላላችሁ?» አልኩ። «አዎ፣ ሙሉ የድንገተኛ አምቡላንስ ሽፋን ነው» አለችኝ። ስሟን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ለእናቴ ለብቻዋ ገዛሁላት።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት እማዬ ምድጃው አጠገብ ቆማ ሳለ ዓይኗ ጨለመባት። ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ፊቷ አመድ መስሎ ላብ አጠመቃት። የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 000 ላይ ደወልኩ። ሁለት ፓራሜዲኮች (የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያዎች) መጡ። ደረቷ ላይ የልብ ምት የሚያነቡትን ነገሮች ለጠፉ፣ ጣቷን ወግተው ስኳሯን አዩ፣ ደም ግፊቷን ተኝታ ለኩ፣ ከዚያ አስነስተው እንደገና ለኩ። ስትነሳ ግፊቷ በጣም ይወርዳል። የመድኃኒት ከረጢቷን ሲያዩ በቅርቡ የተቀየረ የደም ግፊት ክኒን አገኙ። እማዬ መሃል ላይ ትንሽ ሲሻላት «እነዚህ ልጆች ምንም ሳይቀምሱ?» እያለች ዳቦ ቁረጡ ትለናለች። ልጆቹ ተረጋግተው ነገሩን አስረዱን። ሆስፒታል መሄድ አያስፈልጋትም፣ ነገ ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ትሂድ አሉ። በር ላይ ቆሜ አመሰገንኳቸው። እስከ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ቢሉ ከጊዜ በኋላ መጣ። ወደ ሆስፒታል ላልወሰዱት ሰውም ክፍያ አለው። ከሙሉ ጉዞው ያነሰ ነው፣ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። አልደነገጥኩም፤ ኢንሹራንስ አለና። ቢሉን ላክሁላቸው።

«አንከፍልም» አሉ።

ምክንያታቸው ይኸውና። ፖሊሲው የሚሸፍነው «ማጓጓዝ»ን ነው። እናትህ አልተጓጓዘችም። ስለዚህ የሚከፈል ነገር የለም።

ስልክ ደወልኩ። «አለመወሰዷን የወሰኑት ፓራሜዲኮቹ ናቸው፣ እኛ አይደለንም» አልኩ። «ገባኝ፣ ግን ፖሊሲው እንዲህ ይላል» አለኝ። «እና ሆስፒታል ቢወስዷት ኖሮ?» አልኩት። «ያኔ እንከፍል ነበር» አለኝ። እስቲ አስቡት። እማዬን ያለ ምክንያት ጭነው፣ የድንገተኛ ክፍሉን አልጋ አስይዘው፣ ከእጥፍ በላይ የሆነ ቢል ቢመጣ ኩባንያው ይከፍላል። ባለሙያዎቹ ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ቤቷ ስለተዋት ግን እኔ ልክፈል። ይህንን ለሰውየው ስነግረው መልስ አልነበረውም። «ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?» አለኝ።

እልህ ያዘኝ። ስገዛ የነገሩኝን ቃል አስታወስኩ። ስትደውሉ «ይህ ጥሪ ለጥራት ሲባል ይቀዳል» ይላሉ አይደል? የተቀዳውን አምጡልኝ አልኩ። ደብተሬ ላይ ያለውን ስም፣ ቀንና ሰዓት ሰጠኋቸው። እንፈልጋለን አሉ። ቅጂው የውሃ ሽታ ሆነ። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳል፣ ነገሩን ከሀ እስከ ፐ እንደገና አስረዳለሁ፣ «ለበላይ አስተላልፋለሁ» ይሉኛል። ከበላይ የሚመጣው ደብዳቤ ግን ያው የመጀመሪያው ነው፤ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል። የፓራሜዲኮቹን ሪፖርት ጠይቄ ላክሁ። ሪፖርቱ ላይ ድንገተኛ ጥሪ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። እሱንም አላነበቡትም። ይህን የምለው የላኩልኝ መልስ ስለሪፖርቱ አንድ ቃል ስላልነበረው ነው።

በዚህ መሃል የክፍያ ማስታወሻ ከአምቡላንሱ ክፍል መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፈርቶ ይከፍላል። አትፍሩ። ደወልኩላቸው። ከኢንሹራንሱ ጋር ክርክር ላይ ነኝ፣ ሂሳቡን አቆዩልኝ አልኩ። በሥነ ሥርዓት አቆዩልኝ። ለመክፈል አቅም ላጣ ሰውም በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚከፍልበት መንገድ አላቸው።

በመጨረሻ የፌዴራሉ እንባ ጠባቂ ዘንድ አቤቱታ አስገባሁ። የግል ጤና ኢንሹራንስ ቅሬታ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ነፃ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም። የደብተሬን ገጽ ፎቶ አንስቼ፣ ደብዳቤዎቹን በቀን ቅደም ተከተል አያይዤ ላክሁ። ያ ስንት ጊዜ የተማጸንኩት ኩባንያ በራሱ ጊዜ ደወለልኝ። ሙሉውን ከፈለ። ደብዳቤው ግን «በመልካም ፈቃድ» ይላል። ተሳስተናል አይልም። ይቅርታም የለውም።

ገንዘቡ ተመልሶም ንዴቱ አልወጣልኝም። እኔ እንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ እከራከራለሁ፣ ደብተር ይዤ እጠብቃለሁ። በዕቁባችን ያሉ አንዲት እናት ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸው ዝም ብለው ከፍለዋል። ልጆቻቸው ላይ ሸክም እንዳይሆኑ ብለው ለማንም አልተናገሩም። የእኔን ታሪክ ሲሰሙ ነው ያወጡት።

ወደ ውሳኔዬ ልመለስ። ከኩባንያው የገዛሁትን የእማዬን ሽፋን ሰርዣለሁ። በቀጥታ ከአምቡላንስ ቪክቶሪያ ለእሷ የአንድ ሰው፣ ለእኛ የቤተሰብ አባልነት ገዛሁ። ለምን ለብቻዋ? ምክንያቱም የቤተሰብ አባልነት ማለት እናንተ፣ ባለቤታችሁና ልጆቻችሁ ማለት ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖር እናት እዚያ ውስጥ አትቆጠርም። እኛ ቤተሰብ ስንል እማማንና አባባን ጨምረን ነው፣ ቅጹ ግን እንዲህ አያስብም። ወላጆቻችሁ አብረዋችሁ ካሉ ዛሬውኑ ይህን አጣሩ። አምቡላንሱ ከመጣ በኋላ መመዝገብ የመጣውን ቢል አያድንም።

የመንግሥት ማወዳደሪያ ድረ ገጾች ዋጋ አወዳድሩ ይሏችኋል። እኔ ዋጋን መጨረሻ ላይ እዩት እላለሁ። አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሆስፒታል ሳይወስዱኝ ቢቀሩ ትከፍላላችሁ? ድንገተኛ ያልሆነ፣ ሐኪም ያዘዘው ጉዞስ? በዚህ ፖሊሲ ስማቸው ያለው እነማን ናቸው? መልሱን በቃል አትቀበሉ። በኢሜይል ላኩልኝ በሉ። አልልክም ያለ ኩባንያ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የአባልነቱም ዋጋ ቢሆን በየሐምሌው ይጨምራል። ሲጨምር ደስ አይለኝም። ግን ለእማዬ የምከፍለውን ለዓመቱ ወራት ሳካፍለው በወር ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ከሁሉ በላይ ያለማመንታት ይሰጠኛል። እኛ ሀበሾች ቢል ፈርተን የታመመ ሰው በራሳችን መኪና እንጭናለን። ደረቱን የሚያመውን ሰው ፉትስክሬይ መንገድ ላይ ቀይ መብራት እየጠበቁ መውሰድ አደገኛ ነው። ፓራሜዲክ ሕክምናውን ሳሎን ውስጥ ነው የሚጀምረው።

000 ለድንገተኛ ብቻ ነው ይባላል፣ ልክ ነው። ድንገተኛ መሆኑን የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ ባለሙያው እንጂ እኛ አይደለንም። ከባድ መስሎ ከታያችሁ ደውሉ። ቀለል ያለ ከመሰላችሁ በ1300 60 60 24 ሌሊትም ቀንም ነርስ ታገኛላችሁ። እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው ወላጆች 131 450 ደውለው የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ሁለቱን ቁጥሮች በትልቁ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌላታለሁ።

በጉብኝት ቪዛ የሚመጡ ወላጆች ነገር ለብቻው ነው። ኢትዮጵያ ከአውስትራሊያ ጋር የጤና ስምምነት ስለሌላት ሜዲኬር ጭራሽ አያገኙም። ከመምጣታቸው በፊት የጎብኚ ጤና ኢንሹራንስ ግዙላቸው። ስትገዙም እነዚያኑ ጥያቄዎች ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።